የከሰል እሳት በብሪታንያ እንደ ጠፋ

ብርሃን ሁሉ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዘወትር በብርሃኑ የሚጠቀመው ሰው አይደለም። ይህም በብሪታንያ 142 ዓመት ነዶ በጠፋው የከሰል እሳት ታሪክ ተገልጦ ይታያል።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. የኤዲሶን ኩባንያ በሎንዶን ከተማ፥ ሆልቦርን በሚባለው ሰፈር፥ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ አቆመ። አሠራሩም ከሰሉ ነዶ ውኃውን ያፈላል፥ እንፋሎቱም መዘውሩን ያዞራል፥ ከመዘውሩም መዞር ኤሌክትሪክ ይገኛል። ከሰል የአገሩ ጉልበት ነበረ፤ በ1920 ዓ.ም. በከሰል ማውጣት ሥራ የሚተዳደሩት ሰዎች ከ1 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር።

ነገር ግን ብርሃንን የሰጠው እሳት ጨለማን ደግሞ ወለደ። በ1952 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ከየቤቱ ምድጃና ከየጣቢያው የወጣው ጢስ ከጉም ጋራ ተቀላቅሎ ሎንዶንን አምስት ቀን ሸፈናት። በጊዜው 4,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተቈጠረ፤ በኋላ የመረመሩት ግን ቍጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። ስለዚህ በ1956 ዓ.ም. አየርን ለማንጻት ሕግ ወጣ። ዳግመኛም በ1966 ዓ.ም. በዌልስ፥ አበርፋን በምትባል መንደር፥ ከጉድጓድ ወጥቶ የተከመረው የከሰል ጥራጊ ተንዶ ትምህርት ቤቱን ቀበረው፤ 116 ልጆችና 28 አዋቂዎች ሞቱ።

በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ የላቸውም የተባሉት ጉድጓዶች እንዲዘጉ በታሰበ ጊዜ ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው አንድ ዓመት ያህል ተከራከሩ፤ ሆኖም ሳይረቱ ተመለሱ። ከዚያም ጉድጓዱ ተዘጋ፤ በብዙ መንደር ግን የሚተካ እንጀራ አልተዘጋጀም ነበር።

እስከ 2012 ዓ.ም. እንኳ ከአገሩ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ የሚሆነው ከከሰል ይገኝ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የምድርን ሙቀት የሚጨምረው አየር እንዲቀነስ በፓርላማ ሕግ ጸንቶ ነበርና፥ በ2013 ዓ.ም. በከሰል ጢስ ላይ የተጣለው ግብር ከበደ፤ በባሕር ላይም የነፋስ መዘውሮች በዙ። በ2017 ዓ.ም. ኤፕሪል 21 ቀን አገሩ ያለ ከሰል ኤሌክትሪክ አንድ ቀን ሙሉ ዋለ። በመጨረሻም በ2024 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 30 ቀን በኖቲንግሃም አጠገብ ያለው የራትክሊፍ ጣቢያ ተዘጋ፤ እርሱም የመጨረሻው ነበር።

ይሁን እንጂ ድሉ ፍጹም ነው አይባልም፤ የከሰሉን ስፍራ ከነፋስ ጋራ የተካፈለው ጋዝ እርሱም ይነዳልና። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው። እሳትን ማጥፋት በሕግና በገንዘብ ይቻላል፤ እሳቱን በላቡ ሲመግብ የኖረውን ሰው ግን በጨለማ ትቶ መሄድ ለማንም መንግሥት ክብር አይሆንም። ከሰል የሚያነድዱ ሌሎች አገሮችም እሳታቸውን ሊያጠፉ በተነሡ ጊዜ፥ የጉድጓዱን በር ከመዝጋታቸው በፊት ለሠራተኛው ሌላ በር ይክፈቱለት።