ጆጉን ገልብጡት

የጥንት የእንግሊዝ ጌጠኛ የሸክላ ጆጎችን የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። ጆግ ሲያነሱ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ቂጡን ነው። (የዕቃ ቂጥ ማለት በኛ አገር ነውር አይደለም፣ አትሳቁ።) ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ በብዛት የሚያያዘው ከስታፎርድሺር ጋር ነው፤ ዛሬ ስቶክ ኦን ትሬንት ተብለው ከተጠቃለሉት ስድስት የሸክላ ከተሞች ጋር። አፈሩም የድንጋይ ከሰሉም እዚያው ነበረላቸው። በ1760ዎቹ አካባቢ ከነዚህ ምድጃዎች "ቶቢ ጆግ" የሚባለው ብቅ አለ። ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ያጠለቀ፣ የቢራ ዋንጫውን ጭኑ ላይ ያስደገፈ ቦርጫም ሰውዬ ነው። መጠጡ የሚቀዳው በባርኔጣው ጥግ በኩል ነው! ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ የሚሻሙበት እሱን ነው።

እኔን ግን ከቶቢ ይልቅ የሚገርሙኝ ሥዕል የታተመባቸው ጆጎች ናቸው። በ1756 ሊቨርፑል ውስጥ ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ1,200 በላይ የሸክላ ንጣፎች ላይ ሥዕል ማተማቸውን በመሐላ አረጋገጡ። በመዳብ ላይ የተቀረጸ ሥዕል በወረቀት ተነሥቶ ሸክላ ላይ ይገለበጣል፣ በቃ። በእጅ ሲሳል ቀናት ይፈጅ የነበረው ሥራ የሰዓታት ሆነ። ዕቃውም ረከሰ።

ታዲያ ዕቃ ሲረክስ ወሬ ይጫንበታል። ጆጉ የዘመኑ ፌስቡክ ሆነላችሁ! በ1819 ማንቸስተር ላይ የመምረጥ መብት ሊጠይቅ የተሰበሰበ ሕዝብ በፈረሰኛ ጦር ተጨፈጨፈ። "ፒተርሉ" የሚሉት ነው። መንግሥት ተናጋሪውን ሄንሪ ሃንትን አሰረው፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ደግሞ ምስሉን ጆግ ላይ አትመው ሸጡት። በ1820 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ሚስቱን ካሮላይንን ሊፈታ ሲታገል፣ ሕዝቡ የንግሥቲቱን ፊት ጆግ ላይ አድርጎ ወገነላት። በሰንሰለት ታስሮ የተንበረከከው፣ "እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ?" የሚለው ባሪያ ምስልም የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ ሰዎች ማዕድ ላይ ቀረበ። እስቲ አስቡት፣ ወተት በቀዱ ቁጥር ያዩታል።

አሁን ጆጉን ገልብጡት። ከ1842 እስከ 1883 የተመዘገበ ንድፍ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ማኅተም ነበረው፤ በውስጡ ያሉት ፊደላትና ቁጥሮች ንድፉ የተመዘገበበትን ቀን ሳይቀር ይናገራሉ። "ኢንግላንድ" የሚል ጽሑፍ ካለበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው፤ አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የታሪፍ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አስገድዳለችና። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ይህ ጽሑፍ ያለበትን ጆግ አምጥቶ "የአድሚራል ኔልሰን ዘመን ዕቃ ነው" ቢላችሁ፣ ኔልሰን የሞተው በ1805 መሆኑን ነግራችሁት ሂዱ።

ቂጡ የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። እዚያ የሚጻፈው የፋብሪካው ባለቤት ስም ነው፤ የሠራው ሰው ስም የለም። በ1841 ሳሙኤል ስክሪቨን የሚባል የመንግሥት መርማሪ ወደነዚህ ፋብሪካዎች ገብቶ ሕፃናቱን ራሳቸውን ጠየቀ። የሸክላ ቅርጽ ተሸክመው ከጋለው ማድረቂያ ክፍል ሲገቡና ሲወጡ የሚውሉ ትንንሽ ልጆች አገኘ። ያን የምናደንቀውን አንጸባራቂ ልባስ የሚነክሩት ሠራተኞች ደግሞ በውስጡ ያለው እርሳስ እየመረዛቸው እጃቸው ይሽመደመድ ነበር። የፋብሪካ ሕግ ሸክላ ሥራውን ያካተተው በ1864 ነው። ከምርመራው 23 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የሩቅ ባሪያ ነጻ ይውጣ የሚል ሥዕል የታተመባቸው ጆጎች የወጡት የገዛ መንደራቸው ልጆች ከሚደክሙበት ኢንዱስትሪ ነው። ይህን ስል ጆጎቹን አትውደዱ ማለቴ አይደለም፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ማንኛውም ዕቃ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ እላችሁ ነበር፦ ማን አሠራው? ማንስ ሠራው? የመጀመሪያውን ማኅተሙ ይመልሳል። ሁለተኛውን መፈለግ የእኛ ድርሻ ነው።

እስቲ እናንተ ቤት ያለ አሮጌ ዕቃ ካለ ገልብጡትና ምን እንደተጻፈበት ከታች ንገሩኝ።