አጭር ዕድሜ፣ ረጅም ተጽዕኖ፦ የ«ሪትስ ኦፍ ስፕሪንግ» ባንድ ታሪክ

የአንድ ባንድ ታላቅነት በዕድሜው ርዝመትና ባሳተማቸው ሸክላዎች ብዛት ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ፣ «ሪትስ ኦፍ ስፕሪንግ» በሙዚቃ ታሪክ ስፍራ ባላገኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በዋሽንግተን ዲሲ ተቋቁሞ በ1986 መጀመሪያ ላይ የተበተነው ይህ ባንድ፣ በሕዝብ ፊት የተጫወተው ከሃያ ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ «ኢሞ» የተባለው የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ ምንጩ በተጠየቀ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠራው የርሱ ስም ነው።

በዚያን ዘመን የከተማይቱን ወጣቶች ይስብ የነበረው፣ ሀርድኮር የተባለው ፈጣንና ኃይለኛ የፓንክ ሙዚቃ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የሙዚቃው አዳራሽ የድብድብ ሜዳ እየሆነ ሄደ። ድምፃዊውና ጊታር ተጫዋቹ ጋይ ፒቾቶ፣ ጊታር ተጫዋቹ ኤዲ ጃኒ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ማይክ ፌሎውስና ከበሮ መቺው ብሬንደን ካንቲ የሙዚቃውን ፍጥነትና ኃይል እንደ ያዙ መልእክቱን ለወጡት፤ ግጥሙም ስለ ናፍቆት፣ ስለ ጸጸትና ስላለፈ ጊዜ የሚናገር ሆነ። ጡንቻ በሚከበርበት መድረክ ላይ የልብን ሐዘን መግለጥ ድፍረት የሚጠይቅ ተግባር ነበር።

በ1985 በአርሊንግተን ከተማ በኢነር ኢር ስቱዲዮ የተቀረጸውን ባለ 12 ዘፈን ሸክላ፣ ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን የመሠረቱት ዲስኮርድ አሳተመው። ያ ወቅት በከተማይቱ ፓንኮች ዘንድ «የአብዮት በጋ» ይባላል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ከበሮ እየደበደቡ አፓርታይድን ተቃውመዋል። ስሜትን መግለጥና ለሌላው መቆርቆር የማይነጣጠሉ መሆናቸውም በዚህ ታየ።

ከባንዱ መበተን በኋላ ፒቾቶና ካንቲ ከማካይና ከጆ ላሊ ጋር በፉጋዚ ባንድ ተሰለፉ። ፉጋዚ የመግቢያ ዋጋን ወደ አምስት ዶላር ዝቅ በማድረግና በአዳራሽ የሚደባደቡትን በመገሠጽ የታወቀ ሆነ። «ኢሞ» የሚለው ስም ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ በ1994 በሲያትሉ «ሰኒ ዴይ ሪል ኢስቴት»፣ በ2006 ደግሞ በኒው ጀርሲው «ማይ ኬሚካል ሮማንስ» ሥራዎች አማካይነት ወደ ብዙኃኑ ደረሰ።

ፒቾቶ ይህን ስያሜ ከቶ አልተቀበለውም። ስሙን ለሌሎች ትቶ ቢያልፍም፣ ባንዱ ያቆየው ውርስ ግን ግልጽ ነው፤ ይኸውም ወጣት ሐዘኑን በቡጢ ሳይሆን በቃል የሚገልጥበትን መድረክ መክፈቱ ነው።