ነጋዴያችን ፈሪ ነው እንዴ?

«የእኛ ነጋዴ ፋብሪካ አይደፍርም፣ ገዝቶ መሸጥ ብቻ!» እያልን እናማዋለን። ድፍረት ግን ምን ያስከፍል ነበር? ደርግ ጥር 1967 ዓ.ም. 72 ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ትርፍ ቤቶችን። በ1968 ለግል ካፒታል ጣሪያ አበጀ፦ ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር።

እስቲ በነጋዴው ቦታ ሆነን እናስላው። ጣሪያው ጋ ከደረሰ ትርፉን ምን ያድርገው? ማሽን ቢጨምር ሕግ ይጥሳል፤ ሁለተኛ ቤት ቢሠራ ይወረሳል። የሚያዋጣው ቶሎ የሚሸጥ ዕቃና ዝምታ ነው። ይሄ ለእኛ ፍርሃት ሳይሆን ሒሳብ ነው (ያውም ትክክለኛ ሒሳብ!)።

ጣሪያው በ1982 ተነሳ። በ1967 የ25 ዓመት ጎረምሳ የነበረው ነጋዴ ያኔ 40 ደፍኗል፤ ልጁንም ሱቅ ማስቀመጥ ጀምሯል።