የተቃጠለው ጌሙ አልነበረም

ለመግቢያ ያህል አንድ የቤታችንን ጉድ እናውጋችሁ። በ2003 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ የሚኖረው አጎታችን በመጣ ሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከልን። ከልብስና ከቸኮሌቱ ሥር አንድ ግራጫ ሣጥን ተቀምጧል። አሜሪካ እንደገባ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው የኒንቴንዶ ጌም ነበር። «እኔ ጠግቤዋለሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው» አለን በስልክ።

እኛ እህትማማቾች መች ታገስን! የአዳፕተሩን ጠፍጣፋ ጥርሶች ወደ ክብ በሚቀይር ማገናኛ አድርገን ዲቫይደሩ ላይ ሰካነው። ሌላውን ጫፍ ጌሙ ላይ ሳንሰካ አዳፕተሩ አጉረመረመ፣ ጋለ፣ ሸተተ፤ ከዚያ ዝም አለ። ማታ አጎታችን ደውሎ «እየተጫወታችሁ ነው?» ሲለን «አዎ፣ በጣም ደስ ይላል» አልነው። ዋሸን።

ያቺ ውሸት ናት ዛሬ ስለ ስፒና ታሪክ እንድናወራ ያደረገችን። አትሳቁ፤ ስፒናም ታሪክ አለው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ዓለሞች

ቶማስ ኤዲሰን በመስከረም 1882 ኒውዮርክ ፐርል ጎዳና ላይ የኃይል ጣቢያውን ሲከፍት ለደንበኞቹ ያደለው 110 ቮልት ገደማ የሆነ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ዲሲ ነበር። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ለዚያን ዘመን የካርቦን ክር አምፖሎች የሚስማማው እሱ ነበር። በኋላ ተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ፣ ኤሲ፣ ዲሲን ሲያሸንፍ እንኳ አሜሪካ ከዚያው ቁጥር አካባቢ አልራቀችም። አምፖሉም ዕቃውም በየቤቱ ገብቷላ!

በርሊን ግን ሌላ መንገድ ያዘች። የከተማዋ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በ1899 ቮልቴጁን ወደ 220 ከፍ አደረገ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው አምፒር በግማሽ ይቀንሳል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። በነበረው ሽቦ ብዙ ደንበኛ ማዳረስ ተቻለ። የተቀረው አውሮፓም ቀስ በቀስ ተከተለ፤ ሀገራችንም በዚያው መስመር ገብታ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሆነች።

የጃፓን ጉድ ደግሞ ለብቻው ነው። 100 ቮልት ትጠቀማለች። በዚያ ላይ በ1890ዎቹ ቶኪዮ ጄኔሬተሯን ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ በመግዛታቸው እስከ ዛሬ ምሥራቁ በ50፣ ምዕራቡ በ60 ኸርዝ ይሠራል።

አጎታችን የላከው አዳፕተር ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። እኛ ጥርሱን አየን እንጂ ጽሑፉን አላነበብንም። ማገናኛው የሚቀይረው ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልቱን አይነካም።

አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት ጠባይ

ኒንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን ጌም ጃፓን ውስጥ ገበያ ያወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1983 ነው። አዳፕተሩ 10 ቮልት ዲሲ ያወጣል፤ የስፒናው መሐል ኔጋቲቭ፣ ውጪው ፖዘቲቭ ነው። በ1985 መጨረሻ ይኸው ጌም ቅርጹን ቀይሮ ኒውዮርክ ገባ። በ1983 የጌም ገበያው ስለከሰረ የአሜሪካ ባለሱቆች «ጌም» የሚል ቃል መስማት አይፈልጉም ነበር፤ ስለዚህ ካሴቱ ከፊት የሚገባበት፣ ቪዲዮ ማጫወቻ የሚመስል ግራጫ ሣጥን ተሠራለት። የእኛ ሣጥን ማለት ነው።

የአሜሪካው አዳፕተር ግን 9 ቮልት ኤሲ ነው የሚያወጣው። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩት አራት ዳዮዶች ያሉት ሣጥኑ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሬጉሌተር ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። ጃፓናዊው ወንድሙ እነዚያ ዳዮዶች የሉትም። የሁለቱም ስፒና ግን አንዱ ሌላው ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል! የአሜሪካውን አዳፕተር ፋሚኮም ላይ የሰካ ሰው ጌሙን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሌሎቹም ቢሆኑ አልተስማሙም። በ1977 የወጣው አታሪ 2600 የጆሮ ማዳመጫ የሚመስል ስፒና ነበረው። የሴጋ ሜጋ ድራይቭ የመጀመሪያው ሞዴል መሐሉ ኔጋቲቭ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሞዴል ስፒናውን አሳንሶ መሐሉን ፖዘቲቭ አደረገው። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ጌም፣ ሁለት አዳፕተር!

ጋሼና አራቱ ዳዮዶች

ከሳምንት በኋላ ጌሙን በፌስታል ይዘን ሰፈራችን ወዳሉት የራዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ሄድን። ጋሼ አዳፕተሩን አሸተቱና «ይሄ ሞቷል» አሉ። ልባችን ወደቀ። ቀጥለው ጽሑፉን በመነጽራቸው አነበቡ፤ 9 ቮልት፣ 1.3 አምፒር። ከዕቃ ክምራቸው ባለ 220፣ 9 ቮልት ዲሲ አዳፕተር አወጡ፤ ግማሽ አምፒር ብቻ ስለሆነ መልሰው ወረወሩት። «ይሄን ቢሸከም ይነዳል» አሉ። ሁለተኛው 1.5 አምፒር ነበር፤ ስፒናው ግን አልገባም።

የሞተውን አዳፕተር ገመድ ከነስፒናው ቆረጡ። «ጋሼ፣ ፖዘቲቩ በየት በኩል ነው?» አልናቸው፤ የተማርን ለመምሰል። መልስ ሳይሰጡ የጌሙን ክዳን ፈተው አራቱን ዳዮዶች አሳዩን። «በየትም በኩል ቢመጣ እነዚህ ያስተካክሉታል። ይሄ ዕቃ አይመርጥም። ሌላው ግን ይመርጣል፤ ሳታዩ እንዳትሞክሩ» አሉን። ሁለቱን ገመዶች በስታኞ በየዳቸው፣ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልለው በቴስተር ለኩ። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች።

ልብ በሉ፤ ሣጥኑ ራሱ 120ንም 220ንም አያውቅም። አውሮፓ የተሸጠው ኒንቴንዶም የሚገባለት ያው 9 ቮልት ኤሲ ነው። የሁለቱን ዓለም ጠብ የሚሸከመው አዳፕተሩ ብቻ ነው። የተቃጠለውም እሱ ነው።

ያን ዕለት ማታ ራሳችን ደውለን ለአጎታችን እውነቱን ነገርነው። ይቆጣል ስንል ዝም አለ። ቆይቶ፣ ሲሄድ የአያታችንን ባለ 220 ራዲዮ ቴፕ ይዞ ሄዶ እንደነበር ነገረን። እዚያ ሲሰካው ድምፁ ሞተበት፣ ካሴቱም አልዞር አለ። ተበላሽቷል ብሎ ጣለው። «አንድ ትራንስፎርመር ነበር የጎደለው» አለ።

የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ ስልኮችና በእጅ የሚያዙ ጌሞች በዩኤስቢ ሲ እንዲሞሉ አስገድዷል። ደግ አደረገ። የቆዩትን ዕቃዎች ግን ሕጉ አይደርስላቸውም። እናንተም ቁም ሣጥን ላይ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተቀመጠ ነገር ካለ፣ ከመጣላችሁ በፊት የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቡ፤ ቮልቱን፣ አምፒሩን፣ ኤሲ ወይስ ዲሲ መሆኑን፣ መሐሉ ፖዘቲቭ ወይስ ኔጋቲቭ መሆኑን። ካልገባችሁ እንደኛ ጋሼ ያለ ሰው ፈልጉ።

ቸር ያሰንብተን!