ይቺ ብር አታልፍም

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ መናኸሪያ፣ ወደ ዲላ በሚሄድ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ረዳቱ ከፊቴ ከተቀመጡት ሴትዮ የተቀበላትን የአሥር ብር ኖት ዘርግቶ ወደ ብርሃን አነሣት። መሐሏ ተቀዶ በስኮች ተለጥፏል።

«እናቴ፣ ይቺ አታልፍም፤ ሌላ ስጪኝ።»

«ልጄ፣ እኔስ እንዲሁ እንደሆነች አይደል የሰጡኝ!» አሉና መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ።

የእኔ ዐይን ግን ረዳቱ ጣቶች ላይ ቀረ። ይህን ምርመራ እሱ አልፈጠረውም፤ አያቶቻችን በጠገራ ብር ላይ ያደርጉት የነበረ ነው።

ጠገራ የምንለው የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ወጣ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ገበያተኛው ይህን በምን ይወቅ? ቤተ ሙከራ የለው! ስለዚህ መልኩን ያያል። የራስ ጌጧ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይታያሉ ወይ? ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ አልጠፋም ወይ? ከምስሏ ሥር ያሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ይለያሉ ወይ? ካልታዩ፣ ብሩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ይህ ለሩቅ ሰው ግትርነት ይመስላል። አይደለም። የተፋቀ ጠገራ ብሩ ጎድሏል፤ ባይጎድልም እንኳ የሚቀጥለው ሰው «አልፈልግም» ሊል ይችላል። ስለዚህ መርማሪው የሚጠይቀው «ይህ ብር ያምራል?» ብሎ ሳይሆን «ከእኔ ወዲያ ያልፋል?» ብሎ ነው።

የገበያው ፍርድ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. በናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምቱ፣ የራሳቸው ወርቅ አላዋጣቸውምና ቪየና ላይ ጠገራ ማስመታት ግድ ሆነባቸው። አፄ ምኒልክም በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር ፓሪስ አስመቱ፤ ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ነው ቢባል ያስኬዳል። የባላገሩ ገበያ ግን ለብዙ ዘመን ያችኑ የለመዳትን ሴት መረጠ። ጠገራ ቦታውን የለቀቀው ከጦርነቱ በኋላ፣ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ነው።

እንግዲህ «ሕዝቡ መንግሥታትን አሸነፈ» ብለን እናጨብጭብ? ቆይ! መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ቢሆንም፣ «አታልፍም» መባልን የሚችለው ሁሉም አይደለም። ነጋዴው አሥር ጠገራ ይዞ አንዱ ቢመለስበት ዘጠኝ ይቀረዋል። አንዲት ጠገራ ቋጥሮ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የመጣው ገበሬስ? ያለ ጨው ይመለሳል።

በሌላው ዓለም ደግሞ ሳንቲም ሰብሳቢዎች የራሳቸው መስፈርት አላቸው። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 የጥንት የአሜሪካ ሳንቲሞችን ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ነጥብ መደበ፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች በብዙ አገር የሚሠሩት በዚሁ ነው። 70 የሚያገኘው እንከን የለሽ፣ ከእጅ ወደ እጅ ያልዞረ ነው። አስቡት፦ አንደኛ የወጣው ምንም ያልገዛው ሳንቲም ነው! በሬ የገዛው፣ ጥሎሽ የሆነው፣ ተበስቶ በሴት አንገት የዋለው ጠገራ «የተበላሸ» ይባላል።

ገበያው «ያልፋል ወይ?» ይላል፤ ሰብሳቢው «ተነክቷል ወይ?» ይላል። «በማን እጅ አለፈ? ሲመለስስ ማን ከሰረ?» ብሎ መጠየቅ የቀረው ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች ነው።

በጠገራው ጠርዝ ዙሪያ በላቲን «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የንግሥቲቱ መፈክር ነው። ጠርዙን የሚፍቅ ሌባ ካለ ፊደሉ ሲጎድል ያጋልጠዋል። ፍትሑ በዚህ ተጠበቀ እንበል። ርኅራኄውን የሚጠብቅ ምልክት ግን የትኛውም መርማሪ ሲፈልግ አላየሁም።

ሴትዮዋ መቀነታቸው ውስጥ ሌላ ብር አላገኙም። የእኔን አሥር ብር ሰጠሁና ያችን የተለጠፈችውን ተቀበልኳቸው። እነሆ ሳምንቷ ነው። ሦስት ቦታ ሞክሬ ሦስቱም ቦታ «አታልፍም» ተባልኩ።