የሌንስ ታሪክና የፎቶግራፍ አንሺው መቆሚያ

ፎቶግራፍ ማንሣት ዛሬ ለብዙ ወጣቶች የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ሆኗል። በቦኬ፣ በጭሮ፣ በገለምሶ ወይም በሂርና የሚኖር ተማሪ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮረብታ ወጥቶ የሸለቆውን መልክ ወይም የጓደኞቹን ፊት ቢያነሣ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህን ሥራ ለፍቅሩ ብለው የሚሠሩ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ሳይከራከሩበት የማይለያዩበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ለደጅ ፎቶግራፍ የሚሻለው ርዝመቱ የማይለወጠው ሌንስ ነው ወይስ ዙም የሚባለው የሚል ነው። በዚህች ጽሑፍ የሁለቱን ታሪክ ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ጥያቄው የመስታወትና የብረት ጥያቄ ቢመስልም፣ በውስጡ ከዚህ የጠለቀ ነገር እንዳለበት አንባቢ እንዲመለከት እፈልጋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሌንስ ማለት ብርሃንን ሰብስቦ የውጭውን ዓለም መልክ በካሜራው ውስጥ የሚጥል መስታወት ነው። የሚለካውም የትኩረት ርዝመት በሚባለው መጠን ነው። ርዝመቱ ሲያጥር ሰፊ አገር ይታያል፤ ሲረዝም የራቀው ይቀርባል። ይህ ርዝመት አንድ ብቻ የሆነውን ሌንስ ፕራይም ይሉታል። ፕራይም አጭርም ረጅምም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያው እንደ ተሠራ ይኖራል። ዙም ግን በውስጡ ያሉት መስታወቶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንቀሳቀሱ፣ አንሺው ከቆመበት ሳይነቃነቅ የራቀውን ያቀርባል፣ የጠበበውን ያሰፋል።

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለዓለም የተገለጸው በ1839 ነው። በዚያ ጊዜ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ጥቂት ስለ ነበረ፣ የሚነሣው ሰው ለደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። በ1840 ጆሴፍ ፔትስቫል የተባለ የቪየና የሒሳብ መምህር ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ በስሌት አስልቶ ስላወጣ፣ የሰውን ፊት ማንሣት ቀላል ሆነ። ይህም ሌንስ ርዝመቱ የማይለወጥ ነበር። እንግዲህ የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺ መልኩን ለማስፋትም ሆነ ለማጥበብ ከባዱን ካሜራ ተሸክሞ በእግሩ መቅረብ ወይም መራቅ ነበረበት።

ይህ መሣሪያ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ እንዴት እንደ ደረሰ ለማየት፣ ጎረቤታችን ወደ ሆነችው ወደ ሐረር እንሂድ። የፈረንሳይ ባለ ቅኔ የነበረውና ኋላ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ በ1880 መጨረሻ ወደዚያች ከተማ ገባ። ንግዱን እያካሄደ ሳለ ከአገሩ ከሊዮን ከተማ ካሜራ አስመጣ፤ በ1883ም በሐረር ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለቤተ ሰቡ ራሱን ያነሣባቸውን ፎቶግራፎች ላከ። በአንዱ በቡና ተክል መካከል ቆሟል፤ በሌላው በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሯል። ፎቶግራፎቹ የነጡበት ምክንያት ያጠበበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ እንደ ነበረ በደብዳቤው ገልጿል። ከዚህም ሌላ የሼኽ አባድርን መካነ መቃብርና ከቆዳ ከረጢት የሚሠራ አንድ ሰው አንሥቷል። የዚህ ሰው ፎቶግራፍ ወደ እኛ የደረሰው «ከረጢት ሠሪው» በሚል መጠሪያ ነው። ፊቱን እናያለን፤ ሙያውን እናውቃለን፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ግን ፎቶግራፉ አይነግረንም።

ራምቦ በ1885 ካሜራውን ሸጠ። መሸጡ ቢያሳዝነውም በዋጋው እንዳልከሰረ ጽፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ዡል ቦሬሊ ከተባለው የአገሩ ልጅ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሲጓዝ በእኛው በጨርጨር ደጋ በኩል አለፈ። የመንገዱንም ሁኔታ ለቀድሞ አሠሪው በደብዳቤ ገለጸለት፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት ግን ካሜራው በእጁ አልነበረም። አገር በፎቶግራፍ የሚታወሰው ውበት ስላለው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። በዚያች ሰዓት በዚያ ስፍራ ካሜራ የያዘ ሰው መኖር አለበት። መንገደኛ ያልፋል፤ የሚቀረው ባላገሩ ነው።

ካሜራ በመንገደኛና በባለሙያ እጅ ብቻ እንዳይቀር ትልቅ እርዳታ ያደረገው በጀርመን አገር የተሠራው ላይካ ነው። ኦስካር ባርናክ የፈለሰፈው ይህ ትንሽ ካሜራ በ1925 ለገበያ ቀረበ። የሚሠራው በፊልም ነበር፤ የአንዱ ሥዕል ስፋት 24 በ36 ሚሊሜትር ሲሆን ሌንሱም ባለ 50 ሚሊሜትር ፕራይም ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሜራ በኪስ ተይዞ ተራራ የሚወጣ ዕቃ ሆነ።

ዙም በመጀመሪያ የታወቀው በሲኒማ ሥራ ነበር፤ ኩክ ቫሮ የተባለው የሲኒማ ዙም ሌንስ በ1932 ወጣ። ለፎቶግራፍ ካሜራ ግን ነገሩ ብዙ ዘገየ። በቪየና ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ፍራንክ ባክ ያቀደው ዙማር የተባለው ሌንስ፣ ፎክትሌንደር በተባለው ኩባንያ ስም በ1959 ለሽያጭ ቀረበ። ርዝመቱም ከ36 እስከ 82 ሚሊሜትር ይለዋወጥ ነበር። እነሆ ከፔትስቫል ሌንስ እስከ ዙማር 119 ዓመት አለፈ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዙሞች ከባዶች ነበሩ፤ በሥዕሉም ጥራት ከፕራይም ያንሱ ነበር። ኋላ የስሌት መሣሪያና የመስታወት ቅብ እየተሻሻለ ስለ ሄደ ልዩነቱ እጅግ ጠቧል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። በጭሮ አቅራቢያ ባሉት በኩኒና በሙክታር ተራሮች የሚታወቀውን የደጋ አጋዘን እንውሰድ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። በሳይንስ ስሙ የተመዘገበው በ1910 ሲሆን፣ ለምዝገባው መነሻ የሆነው በአዳኝ ጥይት የወደቀ አጋዘን ነው። ዛሬ እርሱን ሳይጎዱ ማግኘት የሚቻለው በሌንስ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 የሆነ አጋዘን በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ10 ሜትር ርቀት ቢነሣ በፊልሙ ላይ 6 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ነገር ግን ሰው 10 ሜትር እስኪቀርበው ድረስ አጋዘኑ ቆሞ አይጠብቅም። ዙሙን እስከ 200 ሚሊሜትር ያስረዘመ ሰው ግን በ40 ሜትር ርቀት ቆሞ ያንኑ መጠን ያገኛል፤ እንስሳውም ግጦሹን አይተውም። ከዚህም በላይ አቧራ በሚነሣበት መንገድ ላይ ሌንስ ለመቀያየር ካሜራውን መክፈት አደጋ ስለ ሆነ፣ አንዱ ዙም የብዙ ሌንሶችን ሥራ መሥራቱ በደጅ ታላቅ ጥቅም ነው።

ፕራይምም የራሱ ብልጫ አለው። መስታወቶቹ ጥቂት ስለ ሆኑ ይቀልላል፤ ቀዳዳውም ሰፊ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው በ2 የሚለካ ፕራይም፣ በ5.6 ከሚለካ ዙም 8 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ፀሐይ ከተራራው ኋላ ስትገባ፣ ከብት ወደ በረቱ ሲመለስና ጭስ ከየጎጆው ሲወጣ፣ ዙም የያዘው ካሜራውን ወደ ማኅደሩ በሚመልስበት ሰዓት ፕራይም የያዘው ገና ያነሣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚከተለው ነው። አጭር ፕራይም የያዘ ሰው የሰውን ፊት ለማንሣት ከፈለገ መቅረብ ግድ ይሆንበታል። ሲቀርብ ሰላም ይላል፤ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅም ስም ይሰማል። በዙም ግን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ በገበያ የተቀመጠችውን እናት ሳታውቅ ማንሣት ይቻላል። መሣሪያው ስለ ቻለ ብቻ ነገሩ መልካም አይሆንም። ለአጋዘን ርቀት ክብር ነው፤ ለሰው ግን ክብሩ መቅረብና ማስፈቀድ ነው። ስለዚህ ዙም የያዘም ቢሆን ወደ ሰው ሲመጣ እግሩን ማንቀሳቀስ ይገባዋል።

ካሜራ የለኝም የሚል ተማሪ ቢኖር፣ ስልክ ካለው መጀመር ይችላል። በብዙ ስልኮች ላይ ያለው ዋና ሌንስ ርዝመቱ የማይለወጥ ነው። በጣት እየለጠጡ ማቅረብ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ የሥዕሉን ዳር ቆርጦ መካከሉን ማተለቅ ስለ ሆነ ጥራቱን ይቀንሳል። እንግዲህ ስልክ የያዘ ሁሉ ሳያውቀው በፕራይም ትምህርት ቤት ገብቷል ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያውም ትምህርት ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት መራመድ ነው።

ትምህርት ቤታችን ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ ለጓደኞቼ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። የአያቶቻችንን መልክ፣ የቡናውንና የማሽላውን ማሳ፣ የድሮውን ገበያና አዲሱን መንገድ በዙምም ሆነ በፕራይም እናንሣ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጋር የሰውዬውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን እንጻፍ። የሐረሩ ከረጢት ሠሪ ፊቱ ከ140 ዓመት በላይ ሲቆይ ስሙ ከፊቱ ጋር አልቆየም። ከመቶ ዓመት በኋላ የእኛን ፎቶግራፍ የሚያይ ተማሪ ግን «ይህ እገሌ ነው፤ የቦኬ ሰው ነው» ለማለት ይቻለው ዘንድ ሥራው ዛሬ በእኛ እጅ ነው።