የቅዳሜ ማታ ራዲዮና የባለሙያው ዋጋ

የሰው ልጅ ከፈለሰፋቸው መሣሪያዎች መካከል እንደ ራዲዮ ድምፅን አርቆ የሚያደርስ ጥቂት ነው። ነገር ግን ራዲዮ የሰጡትን ያሰማል እንጂ ከራሱ የሚያወጣው ቃል የለውም። ስለዚህ የአንድ ራዲዮ ጣቢያ ታሪክ ሲነገር፥ ኃይሉ ምን ያህል እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ የማንን ድምፅ እንዳሰማና ድምፁን የሰጠውን ሰው እንዴት አድርጎ እንደ ያዘው መጠየቅ ይገባል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለወጣቶች የማቀርበው በአሜሪካ፥ በቴኔሲ ክፍለ ግዛት፥ በናሽቪል ከተማ ስለ ተጀመረው የባላገር ዘፈን ዝግጅት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደብልዩ ኤስ ኤም የሚባለው ጣቢያ ሥራውን የጀመረው ኦክቶበር 5 ቀን 1925 ነው። ባለቤቱ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር፤ ሦስቱ ፊደላትም ኩባንያው ለሚሊዮኖች ጋሻ መሆኑን ከሚናገረው መፈክር የተወሰዱ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ጆርጅ ሄይ የሚባል አስተዋዋቂ ከቺካጎ መጥቶ ሥራውን ያዘ። ሄይ በዚያች ከተማ በ1924 ለተጀመረው የባላገር ጭፈራ ዝግጅት አስተዋዋቂ ስለ ነበረ፥ ከከተማ ወጥቶ የሚኖረው ሕዝብ ምን መስማት እንደሚወድ ያውቅ ነበር።

ኖቬምበር 28 ቀን 1925፥ በዕለተ ቅዳሜ፥ ሄይ ጂሚ ቶምሰን የሚባሉትን የ77 ዓመት ሽማግሌ ከማይክሮፎን ፊት አስቀመጣቸው። እኒህ ሽማግሌ፥ የወንድማቸው ልጅ ፒያኖ እየመታችላቸው፥ አንድ ሰዓት ያህል ቫዮሊን መቱ። ሺህ ዜማ አውቃለሁ ይሉ ነበርና ጊዜው አለቀ እንጂ ዜማው አላለቀባቸውም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማታ የባላገር ዘፈን የሚሰማበት ጊዜ ሆነ።

ከናሽቪል ታላላቅ ሰዎች ግን ብዙዎቹ በዚህ ነገር አፈሩ። ከተማቸውን የደቡብ አቴና እያሉ ይጠሯት ስለ ነበር፥ የገበሬ ቫዮሊንና ባንጆ ስሟን የሚያዋርድ መሰላቸው። ሄይ ይህን ንቀት በቀልድ መለሰው። በ1927 መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ማታ የኒው ዮርኩ ሙዚቀኛ ዋልተር ዳምሮሽ ከሚመራው የረቂቅ ሙዚቃ ዝግጅት ቀጥሎ ተራው ሲደርሰው፥ እስካሁን የሰማችሁት ከታላቁ ኦፔራ ነበር፥ አሁን ደግሞ የኛን ኦፕሪ ስሙ የሚል ትርጉም ያለው ንግግር አደረገ። ኦፕሪ ማለት ኦፔራ የሚለው ቃል በባላገር አፍ ሲጠራ ነው። «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የሚለው ስምም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጸና። ባላገሩ የተናቀበትን ቃል ራሱ ለክብሩ መጠሪያ አደረገው።

በዚያች ማታ ወዲያው ከማይክሮፎን ፊት የቀረበው ሰው ዲፎርድ ቤይሊ ይባላል። በ1899 በቴኔሲ ገጠር የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፥ በሕፃንነቱ ፖሊዮ ስለ ያዘው ሰውነቱ አነስተኛ ሆኖ ቀረ። ሐርሞኒካ ሲነፋ ግን አቻ አልነበረውም። የባቡሩን ጉዞ፥ የመንኰራኵሩን ምትና የፉጨቱን ጩኸት በዚያች በእጅ መዳፍ በምትያዝ መሣሪያ ያሰማ ነበር። በ1928 ከ52ቱ ቅዳሜዎች በ49ኙ ተጫውቷል። በዚያው ዓመት በናሽቪል ሙዚቃ በሸክላ በተቀረጸ ጊዜ ከተቀረጹት አንዱ እርሱ ነበረ።

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የባላገር ዘፈን የሚባለው የነጮች ብቻ ሀብት አይደለም። ቫዮሊኑ ከአውሮፓ የመጣ ሲሆን፥ ባንጆው ግን በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን የአገራቸውን መሣሪያ አስታውሰው የሠሩት ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ነው ያ ዜማ የተወለደው። ስለዚህ ቤይሊ ከዚያ መድረክ በወጣ ጊዜ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ነበረ።

በ1932 የጣቢያው ኃይል ወደ 50,000 ዋት ከፍ አለ፤ ከ260 ሜትር በላይ የሚረዝም ምሰሶም ተተከለለት። የራዲዮ ሞገድ በሌሊት ከሰማይ ከፍተኛ ክፍል ተመልሶ ስለሚወርድ፥ የናሽቪል ቫዮሊን ብዙ ክፍለ ግዛቶችን አቋርጦ ይሰማ ጀመር። ዘመኑ ሥራ የጠፋበትና ገበሬው የተቸገረበት ነበርና፥ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ካለው ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ ማዳመጥ ለብዙ ሰው መጽናኛ ሆነ። ኩባንያውም አልከሰረም፤ ወኪሎቹ በየቤቱ እየዞሩ ኢንሹራንስ ሲሸጡ የዝግጅቱ ዝና በር ይከፍትላቸው ነበር።

ዝግጅቱ ሲያድግ ግን የቤይሊ ዕድል አላደገም። በ1930ዎቹ እንደ ሮይ አከፍና ቢል ሞንሮ ካሉት ሙዚቀኞች ጋር ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር፥ ስሙ ሕዝብ ይሰበስብ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሕዝብ ካጨበጨበለት በኋላ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከሆቴሉ አያድርም፥ ከምግብ ቤቱም አይቀመጥም ነበር። በ1941 ደግሞ የባሰ መጣ። የድርሰት ባለ መብቶች ማኅበር የሚጠይቀውን ክፍያ ከፍ ስላደረገ፥ የራዲዮ ጣቢያዎች በዚያ ማኅበር የተመዘገቡትን ዜማዎች ማሰማት አቆሙ። ቤይሊም የታወቀባቸውን ዜማዎች ትቶ አዲስ እንዲጫወት ታዘዘ፤ ወዲያውም ተሰናበተ። በ1945 ሄይ በጻፈው መጽሐፍ ቤይሊን አዲስ ዜማ መማር የማይወድ ሰነፍ አድርጎ ገለጸው። ቤይሊ ግን ሕዝቡ የሚወደውን አሮጌውን ዜማ ደጋግሞ እንዲጫወት ያዘዙት ራሳቸው እንደ ነበሩ ይናገር ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። ባቡሩን በትንፋሹ ያሰማ የነበረ ሰው በዚያችው ከተማ ጫማ እየጠረገ ኖረ።

ኦፕሪ ከ1943 እስከ 1974 ድረስ የቆየው በ1892 ለወንጌል መስበኪያ በተከፈተ አዳራሽ ውስጥ ነው። በ1974 ወደ አዲስ ቤት ሲዛወር፥ ታላላቅ ዘፋኞች የቆሙበት የመድረክ እንጨት ክብ ሆኖ ተቆርጦ በአዲሱ መድረክ መካከል ተገጠመ። በዚያው ዓመት ቤይሊን ጠሩት፤ ከ33 ዓመት በኋላም ሐርሞኒካውን በኦፕሪ መድረክ ነፋ። በ1982 ሞተ። የባላገር ሙዚቃ የክብር ቤት ስሙን የጻፈው ግን በ2005፥ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። ኦፕሪም በ2025 መቶ ዓመት ሞላው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ እንጨቱ ይደንቀኛል። ሰዎቹ እግር የረገጠውን ሳንቃ ለማክበር አልዘነጉም፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ሳንቃ አይራብም፥ አይገፋም፥ አያረጅም። ትዝታን ማክበር ቀላል ነው፤ የትዝታውን ባለቤት በሕይወቱ ሳለ ማክበር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሄይም ክፉ ብቻ አልነበረም፤ የተናቀውን የገበሬ ዘፈን ያከበረ እርሱ ነው። ሆኖም ከላዩ ያለውን ንቀት ያየ ዓይኑ፥ ከበታቹ ያለውን ንቀት ሳያይ ቀረ። ይህ ፈተና በእያንዳንዳችን ላይ ይመጣል። እኛ ስንናቅ የምናውቀውን ፍትሕ፥ ሌላው በእጃችን ሲወድቅ እንረሳዋለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ።

ስለዚህ እናንተ ወጣቶች፥ ነገ የጣቢያ፥ የመሥሪያ ቤት ወይም የማኅበር ኃላፊ ስትሆኑ፥ ቤቱ በማን ሙያ እንደ ቆመ ጠይቁ። ባለሙያውን ሳይሞት አመስግኑት፤ ደመወዙንም ከምስጋናው ጋር ስጡት። የዘገየ ክብር ታሪክን ያርም ይሆናል፤ የተራበውን ሰው ግን አያጠግበውም።